ለአሮጌ ኮምፒውተር ጆሮ ሲገዛ፦ አሚጋ፣ አታሪ፣ ኮሞዶር 64 ወይስ ሌላ?

ጠረጴዛዬ ላይ አሚጋ 500 አለ፤ ከጀርባው የሲጋራ ፓኮ የሚያክል ጥቁር ሳጥን ተሰክቶበታል። ከሳጥኑ የወጣው ገመድ ማይክሮፎን ማጉያ ላይ ያልቃል፣ ማይክሮፎኑ ደግሞ ወደ ክራሬ ዞሯል። የመጀመሪያውን ክር መታሁት። ስክሪኑ ለአንድ ሰከንድ ያህል ጠቆረና ተመለሰ፤ መሃሉ ላይ የዓሣ ቅርጽ ያለው ሞገድ ተስሎ ታየ፣ ጭንቅላቱ ወፍራም፣ ጅራቱ እየሳሳ የሚሄድ። 16,574 ባይት። የኪቦርዱን ቁልፍ ስነካው ያው ክር ከስፒከሩ ወጣ። ጉንፋን የያዘው ይመስላል እንጂ ክራር ነው።

እዚህ ለመድረስ ሦስት ሳጥን ገዝቼ ከስሬያለሁ። የመጀመሪያው ጭራሽ ድምፅ የማይቀዳ ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው ቀድሞ ከነበረኝ አሚጋ 1000 ጋር አልገጥም አለ። ሦስተኛው ቀዳ፣ ግን ክራሩን ቆርቆሮ ላይ የሚንኮሻኮሽ ጠጠር አደረገው። የቀናኝ በአራተኛው ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእነዚህ ኮምፒውተሮች ጆሮ ደግሞ በእርግጥም ባዳ ነው፣ ከውጭ መጥቶ የሚሰካ። ሳምፕለር የሚባለው ይኸው ባዳ ጆሮ ነው፤ የቱን ከየትኛው ማሽን ጋር ማጣመር እንደሚያዋጣ ነው ከዚህ በታች የምጽፈው።

አስቀድሜ ግን የምመልሳቸው ሰዎች አሉ። ሐሳባችሁ የአባታችሁን ካሴቶች፣ ወይም በደብዳቤ ፋንታ ድምፅ እየተቀዳባቸው ከአገር ቤት ይላኩ የነበሩትን ቴፖች ከመበላሸት ማዳን ከሆነ፣ እዚህ ከምጠራቸው ዕቃዎች አንዱንም አትግዙ። አንድ የ90 ደቂቃ ካሴት በሰከንድ 22,050 ጊዜ፣ በ8 ቢት፣ በሞኖ ቢቀዳ 119 ሚሊዮን ባይት ይሆናል፤ ይህም ከ132 የአሚጋ ፍሎፒ በላይ ማለት ነው። ያንን ሁሉ ደክማችሁም የምታገኙት ከካሴቱ ከራሱ የባሰ ድምፅ ነው። ለዚያ ሥራ ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ ርካሽ የዩኤስቢ ድምፅ መቅጃ ይበቃል። ይህ መመሪያ ያንን የጎረነነ የ1980ዎቹ ድምፅ ራሱን ለሚፈልጉ፣ በአሮጌው ማሽን ላይ ሙዚቃ መሥራት ለሚያምራቸው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

በሳጥኑ ውስጥ የሚሆነው

ሳምፕለር የድምፁን ቮልቴጅ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየለካ ወደ ቁጥር ይለውጣል። ልኬቱ ስንት እርከን እንዳለው የሚናገረው ቢቱ ነው፦ 4 ቢት 16 እርከን፣ 8 ቢት 256፣ 12 ቢት 4,096፣ 16 ቢት 65,536። እያንዳንዱ ቢት በድምፁና ከሥሩ በሚሰማው ሽሽታ መካከል 6 ዴሲቤል ያህል ርቀት ይጨምራል።

ሌላው ፍጥነቱ ነው። በሰከንድ 16,000 ጊዜ የሚለካ ሳጥን በትክክል የሚይዘው እስከ 8,000 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነው፣ ግማሹን። ከዚያ በላይ ያለው ድምፅ ዝም ብሎ ቢጠፋ ደግ ነበር፤ አይጠፋም፣ ተገልብጦ እንደ ሐሰተኛ ዝቅተኛ ድምፅ ይመለሳል። ማሲንቆ ቀድታችሁ ከጎኑ ማንም ያልተጫወተው ፉጨት ከሰማችሁ ጥፋቱ ይኸው ነው፤ ማሲንቆ ከዋናው ድምፅ በላይ የሚንጫጩ ብዙ ድምፆች ስላሉት የሳምፕለርን ጉድ ለማውጣት የሚስተካከለው የለም። ደህና ሳምፕለር ከመለካቱ በፊት ከፍተኛውን ድምፅ የሚቆርጥ ማጣሪያ አለው። ርካሹ የለውም፣ ወይም ሁለት ሳንቲም የማያወጣ አንድ ሬዚስተርና አንድ ካፓሲተር አድርጎ አልፎታል።

ማስታወቂያዎቹ በትልቁ የሚጽፉት የቢቱን ብዛት ነበር። እኔ ግን ሳጥኑን ከማየታችሁ በፊት የኮምፒውተሩን አፍ እዩ እላለሁ። በ8 ቢት የሰማ ማሽን በ4 ቢት የሚናገር ከሆነ ከጆሮው ያተረፈው ነገር የለም። ሦስቱን ሳጥኖች የገዛሁት ይህንን ሳላውቅ ነው።

አሚጋ፦ ለአብዛኞቻችሁ መልሱ እዚህ ያልቃል

በ1985 የወጣው አሚጋ ፓውላ የምትባል የድምፅ ቺፕ አለችው። አራት ድምፅ በአንድ ጊዜ ታጫውታለች፤ አራቱም 8 ቢት፣ እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነትና በራሱ ከፍታ፣ ሁለቱ በግራ ሁለቱ በቀኝ። ከሁሉ የሚልቀው ግን ፕሮሰሰሩን አታስቸግርም፤ ቁጥሮቹን ከሜሞሪ በቀጥታ ራሷ ታነባለች። በተለመደው አሠራር እስከ 28 ኪሎኸርዝ ገደማ ትደርሳለች። ስለዚህ በ8 ቢት የተቀዳው በ8 ቢት ይወጣል፤ ጆሮና አፍ እኩል ናቸው። ካርስተን ኦባርስኪ በ1987 አልቲሜት ሳውንድትራከርን (ትራከር የተቀዱ ድምፆችን፣ ማለትም ሳምፕሎችን፣ እየደረደረ ሙዚቃ የሚሠራ ፕሮግራም ነው) ያወጣው በዚህ ማሽን ላይ መሆኑ የአጋጣሚ ነገር አይደለም።

ጆሮው የሚሰካው ለፕሪንተር በተሠራው ፓራለል ፖርት ላይ ነው። ፖርቱ ስምንት የዳታ መስመር አለው፣ መስመሮቹ ወደ ውስጥም ያስገባሉ፣ 5 ቮልትም ይሰጣል። ስለዚህ ለሳምፕለሩ አንድ ለዋጭ ቺፕና ጥቂት ትንንሽ ዕቃ ይበቃዋል፤ የአሚጋ ሳምፕለር እንደ አሸን የፈላው በዚህ ምክንያት ነው። የሰንራይዝ ፐርፌክት ሳውንድ፣ የጂቪፒ ዲጂታል ሳውንድ ስቱዲዮ፣ የማይክሮዲል ስቴሪዮ ማስተርና ሚዲ (ኮምፒውተርና የሙዚቃ መሣሪያ የሚነጋገሩበት መገናኛ) ጭምር የያዘው አማስ፣ የኒው ዳይሜንሽንስ ቴክኖ ሳውንድ ተርቦ፣ የሃይሶፍት ሜጋሎሳውንድ፤ የቀረውን ቆጥሬ አልጨርሰውም። ሰው በየትኛው ይሻላል ይከራከራል። ለኔ በድምፅ ጥራት ያላቸው ልዩነት ከክርክሩ ያነሰ ነው፤ ስምንቱ ቢት ያው ስምንት ቢት ነው።

እኔ ከሁሉ በፊት የማየው የድምፅ መጠን ማስተካከያ ቁልፍ መኖሩን ነው። 8 ቢት ትንሽ ስለሆነ አንዱንም ቢት ማባከን አያዋጣም። ድምፁ የሚገባው ከሚችለው ከፍታ ግማሽ ላይ ከሆነ 7 ቢት ብቻ ነው የምትጠቀሙት፤ ሩብ ላይ ከሆነ 6። በተቃራኒው ሞገዱ ጣሪያውን ሲነካ ጫፉ ይቆረጥና ይሰነጠቃል። ክራር ደግሞ ገና ሲመታ ነው ጉልበቱ፣ ከዚያ ወዲያው ይወርዳል፤ ስለዚህ በጭንቅላቱ መለካት አለበት። ቁልፍ ያለው ሳጥን ላይ ሦስት አራት ጊዜ መትታችሁ ታስተካክላላችሁ። ቁልፍ የሌለው ላይ ከማጉያው ጋር ስትታገሉ ትውላላችሁ።

ስቴሪዮ አያስፈልጋችሁም። ትራከር ላይ አንድ ሳምፕል አንድ ድምፅ ነው፣ ሞኖ። በስቴሪዮ የቀዳችሁት ሜሞሪውን እጥፍ በልቶ በመጨረሻ ግማሹ ይጣላል። ሞኖም ይሁን፣ ቁልፍ ይኑረው። ሌላም ጥቅም አለው፦ ሞኖ ሳምፕለሮችን አብዛኞቹ ፕሮግራሞች በተመሳሳይ መንገድ ስለሚያነቡ ዲስኩ የጠፋበት ሳጥን እንኳ ከኦዲዮማስተር ወይም ከኦክታሜድ ጋር ሊሠራ ይችላል። ስቴሪዮዎቹ ግን ግራና ቀኙን በተለያየ የመቆጣጠሪያ መስመር ስለሚመርጡ የራሳቸውን ፕሮግራም ሊጠይቁ ይችላሉ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ስህተቴ። ማስታወቂያው «ለአሚጋ» ይላል፣ እኔም አሚጋ አለኝ፣ ገዛሁ። አሚጋ 1000 ግን ፓራለል ፖርቱ እንደ ታናናሾቹ አይደለም፤ 500ና 2000 ሴት ሶኬት ሲኖራቸው እሱ ወንድ ነው ያለው። እሺ፣ መለወጫ መሃል ላይ ላስገባ አልኩ። ደግነቱ ከመሰካቴ በፊት የእግሮቹን ዝርዝር ተመለከትኩ። በ500 ላይ 5 ቮልት የሚወጣው በ14ኛው እግር ነው፤ በ1000 ላይ በ23ኛው። በ500 ደግሞ 23ኛው መሬት (ግራውንድ) ነው። ቀጥታ ብሰካው የኮምፒውተሩ 5 ቮልት በሳጥኑ ውስጥ ከመሬት ጋር ይላተም ነበር። አሚጋ 1000 ያላችሁ ሰዎች መለወጫ ሳይሆን መስመሮቹን በትክክል የሚያዛውር ገመድ ነው የምትፈልጉት፤ አለዚያ በግልጽ «ለ1000» የተባለ ሳጥን።

ለሁሉም አሚጋ የሚሠራ አንድ ሕግ ደግሞ አለ፦ ኮምፒውተሩ በርቶ ሳለ ምንም አትሰኩ፣ ምንም አትንቀሉ። ፓራለል ፖርቱ ያለ መከላከያ በቀጥታ 8520 ከሚባለው ቺፕ ጋር ነው የተያያዘው፤ አንድ ብልጭታ ይገድለዋል። በ500 ላይ ቺፑ ሶኬት ላይ ስለተቀመጠ ነቅሎ መለወጥ ይቻላል። በ1200 ላይ ግን ቦርዱ ላይ ተበይዷል፤ እዚያ የሚደርሰው ጥፋት የባለሙያ እጅ ይጠይቃል።

600 ወይም 1200 ያለው ሰው ሌላ አማራጭ አለው፤ በጎኑ ባለው የፒሲኤምሲአይኤ ቀዳዳ የሚገባው የሃይሶፍት ኦራ፣ 12 ቢት። ፓውላ 8 ቢት ሆና ሳለ 12 ቢት ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። ብልሃት አለ፦ ሁለት ቻናል በአንድ ላይ ተይዞ አንዱ በሙሉ ከፍታ በ64፣ ሌላው በ1 ቢጫወት 14 ቢት የሚያህል ድምፅ ይወጣል። የሚያምር ዘዴ ነው፤ ግን አራቱን ቻናል ሁለት ያደርገዋል። በዚያ ላይ ኦራ የሚይዘው ቀዳዳ ዛሬ ሰው የኮምፓክት ፍላሽ ካርድ የሚሰካበት ነው። ፋይል ከዘመናዊ ኮምፒውተር ወደ አሚጋው የምታመላልሱት በዚያ ከሆነ ሁለቱን እየነቀላችሁ እየሰካችሁ ትኖራላችሁ። እኔ አልገዛውም።

ትልልቆቹን ማሽኖች፣ 2000፣ 3000 ወይም 4000 ለያዘ፣ ውስጥ የሚገቡ 16 ቢት ካርዶች አሉ፤ የማክሮሲስተም ቶካታና የሰንራይዝ ኤዲ 516። የራሳቸው አፍ ስላላቸው ፓውላን አይለምኑም። ብርቅ ናቸው፣ ውድ ናቸው፣ ድምፃቸውም ጥሩ ነው፤ ጥሩ ድምፅ ከፈለጋችሁ ግን ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ይበልጣቸዋል።

ከአሚጋ ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር። ሳምፕላችሁ ብርድ ልብስ የተከናነበ ከመሰላችሁ፣ ሳጥኑን ከመርገማችሁ በፊት የኮምፒውተሩን የፓወር መብራት እዩ። በ500 ላይ መብራቱ ደምቆ ከበራ ከፍተኛውን ድምፅ የሚቆርጠው ማጣሪያ እየሠራ ነው፤ ከፕሮግራሙ ስታጠፉት መብራቱ ይደበዝዛል። ድምፅን በመብራት የሚያሳይ ኮምፒውተር ሌላ አላየሁም።

አታሪ ኤስቲ፦ ጆሮው ደህና፣ አፉ ይንተባተባል

የአሚጋ የዘመን እኩያ ነው፣ 1985። ሁለት የሚዲ ቀዳዳ አብሮት ስለሚመጣ ሙዚቀኛው ሁሉ ወደደው። ሳምፕል ሲመጣ ግን ነገሩ ይለያል። የድምፅ ቺፑ ዋይኤም 2149 የተቀዳ ድምፅ እንዲያጫውት የተሠራ አይደለም፤ ሦስት የፉጨት ቻናል ነው ያለው። ፕሮግራመሮች የሦስቱን ከፍታ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየቀያየሩ ድምፅ እንዲመስል አደረጉት። ይሠራል፤ ዋጋው ግን ፕሮሰሰሩ ሌላ ሥራ እንዳይሠራ ታስሮ መያዙ ነው፣ ድምፁም ሻካራ ነው።

ሳምፕለሩ በግራ ጎኑ ባለው የካርትሪጅ ቀዳዳ ይገባል፤ የታወቀው የማይክሮዲል ኤስቲ ሪፕሌይ ነው። ቀዳዳው የተሠራው ለማንበብ ብቻ ነው፤ ወደ ካርትሪጁ የሚጽፍ መስመር የለውም። ለመቅዳት ማንበብ ይበቃል። ወደ ካርትሪጁ ቁጥር መላክ ሲያስፈልግ ግን ሠሪዎቹ ቁጥሩን በአድራሻው ውስጥ ደብቀው «ይህን አድራሻ አንብብልኝ» እያሉ ያሳልፉታል። በበር የተከለከለ ሰው በመስኮት ሲገባ ማለት ነው። በዚህ መንገድ የራሳቸውን አፍ ይዘው የመጡ ካርትሪጆች አሉ፤ ተራ ኤስቲ ካላችሁ እነዚያን ፈልጉ።

የተሻለው ግን በ1989 የወጣውን ኤስቲኢ መግዛት ነው። 8 ቢት ስቴሪዮ ከሜሞሪ በቀጥታ ያጫውታል፤ ከ6 እስከ 50 ኪሎኸርዝ ባለው መካከል አራት የተወሰኑ ፍጥነቶች አሉት። ካርትሪጁ ያው፣ አፉ ግን ተፈታ። በ1992 የመጣው ፋልከን 030 ጆሮውንም አፉንም በ16 ቢት በሆዱ ይዞ ስለተወለደ የዚህ መመሪያ ደንበኛ አይደለም።

በአጭሩ ኤስቲን ለሚዲው ብላችሁ ቀድሞ ካላችሁ ሳምፕለሩን ጨምሩበት። ለሳምፕል ብላችሁ ኤስቲ አትግዙ።

ኮሞዶር 64፦ ለቀልድና ለፍቅር

64 ኪሎባይት ሜሞሪ፣ ፍጥነቱ 1 ሜጋኸርዝ ገደማ። ሲድ የምትባለው ቺፕ በራሷ ሙዚቃ ተወዳዳሪ የላትም፤ የተቀዳ ድምፅ የምታወጣው ግን በዋናው የድምፅ ከፍታ መቆጣጠሪያ በኩል ነው፤ እሱ ደግሞ 4 ቢት ብቻ ነው፣ 16 እርከን። በ8 ኪሎኸርዝ፣ ሁለት ልኬት በአንድ ባይት ታጭቆ፣ ሰከንዱ 4,000 ባይት ይበላል። 40,000 ባይት ነፃ ብታገኙ አሥር ሰከንድ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ወጥመድ አለ። ይህ ዘዴ ጎልቶ የሚሰማው በአሮጌዋ ሲድ፣ በ6581 ነው፤ እሷ በውጤቷ ላይ የሚንሳፈፍ የማይፈለግ ቮልቴጅ ስላለ ከፍታው ሲቀያየር ድምፅ ይፈጠራል። በኋላ የመጣችው 8580 ያንን ጉድለት አስተካከለች፤ ሲስተካከል ሳምፕሉም አብሮ ተዳከመ። አዲሱን ገዝታችሁ ድምፁ ቢጠፋባችሁ ኮምፒውተሩ ስለተበላሸ ሳይሆን ቺፗ ስለተሻለች ነው። ኮሞዶር 64 ለሳምፕል የምትገዙ ከሆነ የትኛው ሲድ እንዳለበት ጠይቁ።

ከሳጥኖቹ ኤስኤፍኤክስ ሳውንድ ሳምፕለር የተባለው ካርትሪጅ 8 ቢት ጆሮም 8 ቢት አፍም አለው፤ ሲድን አይጠብቅም። ካገኛችሁት እሱን ያዙ። የኮቮክስ ቮይስ ማስተር ደግሞ ሌላ ዓይነት ፍጡር ነው፤ ንግግር ቀድቶ መልሶ ለመናገር የተሠራ፣ ለሙዚቃ የማይሆን፣ ግን «ሰላም» ብላችሁት ቡዳ እንደበላው ሰው ሲመልስላችሁ ቤት ሙሉ ይስቃል። በተረፈ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ባለው የሞኒተር (የምስልና ድምፅ) ሶኬት ውስጥ «ድምፅ ማስገቢያ» የሚባል እግር አለ። በዚያ የሚገባው ድምፅ በሲድ ማጣሪያ አልፎ ይወጣል እንጂ ወደ ቁጥር አይለወጥም፤ በእሱ እቀዳለሁ ብላችሁ አትድከሙ።

ሌሎቹ፣ በሩጫ

የፊሊፕስ ሚውዚክ ሞጁል፣ ኤንኤምኤስ 1205፣ ለኤምኤስኤክስ ኮምፒውተሮች የተሠራ ነው፤ ከአሚጋ ቀጥሎ ልቤ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። የያማሃው ዋይ 8950 ቺፕ ድምፁን አጥብቆ በ4 ቢት ያስቀምጠዋል፤ ግን እያንዳንዱን ልኬት ሳይሆን ከቀዳሚው ያለውን ልዩነት ስለሚመዘግብ ከተራ 4 ቢት እጅግ ይሻላል። የራሱ 32 ኪሎባይት የሳምፕል ሜሞሪ ስላለው የኮምፒውተሩን አይነካም፤ በ8 ኪሎኸርዝ ስምንት ሰከንድ ይይዛል፣ ቺፖች ተጨምረውበት 256 ኪሎባይት ይደርሳል። ጆሮውም አፉም አንድ ላይ የተጋቡበት ሳጥን ነው።

ማኪንቶሽ ያለው ሰው የፋራሎንን ማክሪኮርደር ይፈልግ። በሲሪያል ፖርት ይሰካል፣ 8 ቢት፣ 22 ኪሎኸርዝ፣ አብሮት የሚመጣው ሳውንድኤዲት የተባለው ፕሮግራም ዛሬም ቢሆን ለመጠቀም ደስ ይላል። ድምፅ ለመቁረጥና ለመቀጠል ምርጥ፣ ትራከር ሙዚቃ ለመሥራት ግን አሚጋን አያህልም። አንድ 800 ኪሎባይት ፍሎፒ 36 ሰከንድ ብቻ ይይዝለታል።

ፒሲ ላይ የመጀመሪያ ስህተቴን ልናዘዝ። ፓራለል ፖርት ላይ የሚሰካ ሳጥን አገኘሁ፤ ሻጩ «የድምፅ ሳጥን ነው፣ ይቀዳል» አለኝ። ቤት ስደርስ አንድ መውጫ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። የኮቮክስ ስፒች ቲንግና የዲዝኒ ሳውንድ ሶርስ ዓይነት ዕቃዎች አፍ ናቸው እንጂ ጆሮ አይደሉም፤ ቁጥርን ወደ ድምፅ ይመልሳሉ፣ አይሰሙም። ከፓራለል ፖርት ላይ የሚሰካ ሁሉ ሳምፕለር አይደለም፤ የመግቢያ ቀዳዳውን በዓይናችሁ እዩ። ለፒሲ መቅጃ የፈለገ ሳውንድ ብላስተር ይግዛ፤ የ1989ኙ የመጀመሪያው እስከ 12 ኪሎኸርዝ ብቻ ነው የሚቀዳው፣ የ1992ቱ ሳውንድ ብላስተር 16 ግን በ16 ቢት 44.1 ኪሎኸርዝ ደርሷል።

ስፔክትረም የተባለው ኮምፒውተር ላለው የራም ሚውዚክ ማሽን አለ፣ ሚዲ ጭምር። አፕል 2 ደግሞ በካሴት ቀዳዳው 1 ቢት ይሰማል፤ አዎን፣ አንድ ቢት፣ «አለ» ወይም «የለም»።

አሮጌ ሳጥን ሲገዛ

ሦስተኛው ሳጥኔን ፈትቼ ስመለከተው ውስጡ ኤዲሲ 0804 ነበር። ያ ቺፕ አንድ ልኬት ለመጨረስ 100 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይፈልጋል፤ በሰከንድ 10,000 እንኳ በቅጡ አይሞላም። በዚያ ላይ እየለካ ሳለ ድምፁ ከሥሩ ይለወጥበታል። የሙቀት መለኪያ ላይ ጥሩ ሠራተኛ ነው፤ ክራር ላይ የሚያመጣውን ጠጠር ነግሬያችኋለሁ። ኤዲሲ 0820 ግን ከ2.5 ማይክሮሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ይጨርሳል፣ ድምፁን ይዞ የሚያቆይ ክፍልም በውስጡ አለው። ሻጩ ሳጥኑን ከፍቶ ፎቶ እንዲያነሳላችሁ ለምኑት። ቺፑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሽፋኑ ላይ ከተጻፈው ማስታወቂያ የበለጠ ይናገራል። መበየድ የምትችሉ ከሆነ ደግሞ በዚሁ 0820 ራሳችሁ ሥሩት፤ የአሚጋ ፓራለል ሳምፕለር ለጀማሪ የሚሆን የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

«ተፈትኗል» የሚለውን ቃል አትመኑ፤ ብዙ ጊዜ «መብራት ሰጠሁት፣ አልጨሰም» ማለት ነው። ኦርጅናል ዲስኩ ካለ ጥሩ፣ ግን ፍሎፒው አርጅቶ ሊሆን ስለሚችል ጎቴክ (በፍሎፒ ፋንታ ከዩኤስቢ የሚያነብ ሳጥን) ላይ የሚጫን ቅጂ አዘጋጁ። አሚጋ 600 ወይም 1200 ከሆነና ድምፁ የሳሳ ከሆነ ሳምፕለሩን አትውቀሱ፤ የቦርዱ ካፓሲተሮች ማፍሰሳቸው የታወቀ በሽታ ነው፣ እነሱ ይቀየሩ። ከአሜሪካ ማሽን ይዛችሁ አዲስ አበባ ወይም አውሮፓ የምትገቡም የኃይል ሳጥኑን ሳትቀይሩ ግድግዳው ላይ እንዳትሰኩት፤ በ110 ቮልት የኖረ 220 ሲገባበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው።

ማይክሮፎን በቀጥታ ከአብዛኞቹ ሳጥኖች ጋር አይሠራም፤ ማጉያ ይፈልጋል። የስልክ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ግን ልክ ነው፤ ክራሩን በስልክ ቀድታችሁ ከዚያ ወደ ሳምፕለሩ ብታስገቡ ማንም አይከሳችሁም። የ50 ኸርዝ ጉምጉምታ ከተሰማ ማጉያውንና ኮምፒውተሩን ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ፣ ወይም በባትሪ የሚሠራ ማጫወቻ ተጠቀሙ። ፋይሉን ጥሬውን ወደ ዘመናዊ ኮምፒውተር ወስዳችሁ እንደ በቆሎ ፈንድሻ ከፈነዳ አልተበላሸም፤ አሚጋ ዝምታን 0 ብሎ ሲጽፍ የፒሲው 8 ቢት ዋቭ 128 ብሎ ነው የሚጽፈው። ሲከፈት «ሳይንድ» የሚለውን መምረጥ ብቻ ነው።

ያቺ የመጀመሪያዋ ክር የት ደረሰች? ፕሮትራከር ውስጥ አስገባኋትና ከእሷ ብቻ ሌሎቹን አወጣለሁ ብዬ አፈጣጥኜ አዘግሜ አጫወትኳት። ስትዘገይ የሰካራም ክራር፣ ስትፈጥን የልጅ መጫወቻ ሆነች። አንቺሆዬ ላይ ደግሞ ጭራሽ እምቢ አለችኝ፤ ጆሮዬ የለመደው ቅኝት ከፒያኖ እርከኖች መሃል ነው የሚቀመጠው። ፕሮትራከር ለእያንዳንዱ ሳምፕል ፋይንቲዩን የሚባል ማስተካከያ አለው፣ ከ8 ሲቀነስ እስከ 7 ሲደመር፣ እያንዳንዱ እርከን የግማሽ ድምፅ አንድ ስምንተኛ። ስለዚህ ስድስቱንም ክሮች እንደ ቅኝታቸው ለየብቻ ቀዳኋቸውና የጎደለውን በዚያ ሞላሁት። ስድስቱ አንድ ላይ 99,444 ባይት መጡ፤ አንድ ፍሎፒ ላይ ስምንት ክራር ከነትርፉ ይገባል።